ሁለት በር ያለው ቤት

ጅማ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ቆንጂት ሣህሉ
ፍቼ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወንድምዎ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ሁሉም ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ጥርስ ከማስነቀሌ በቀር የጎደለብኝ የለም።

ደብዳቤዎን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ከጅማ ከወጡ ሰባት ዓመት ሊሞላዎ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ መስመር አልጻፉልኝም። አሁን ግን አንድ ሉክ ወረቀት ሙሉ ጥያቄ! ከሰላምታው ቀጥሎ «የሶረቲ ጠላ ቤት ምን ሆነ?» ሲሉኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ቢሮ ያሉት ሰዎች ዕድገት ያገኘሁ መስሏቸው ነበር።

እንግዲህ በተራ ልንገርዎ። ደጃፏ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ትሰቅል የነበረችው የሶረቲ ቤት መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል። እንጨቱ እዚያው አለ፤ ጣሳው ወርዶ ባንዲራ ተሰቅሎበታል። በቀደም ሳልፍ ልጆቹ ሀ ሁ ሲሉ ሰማሁ፤ እኛ እዚያ ቤት የምንጠጣው ሀ ሁን የሚያስረሳ ነበር። ሶረቲ ደህና ናት፣ ሰቃ ከተማ ልጇ ዘንድ ገብታለች።

ጣሊያን የሠራው ባለ ፎቁ ቡና ቤት የወጣቶች ማኅበር ነው። የቢሊያርዱ ጠረጴዛ በበሩ አልወጣ ስላለ እዚያው ቀርቶ መፈክር ይጻፍበታል። አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ቀይ ቀለም ተደፍቷል፤ ያሸነፍኩትም እዚያ ነው፣ የተሸነፍኩትም እዚያ ነው።

መናኸሪያው አጠገብ የነበረው የባሻ ገበየሁ ጠጅ ቤት ፍርድ ሸንጎ ሆኗል። አግዳሚዎቹ አልተቀየሩም። ድሮ እዚያ ተቀምጠው የሚጣሉት ሰዎች አሁን እዚያው ተቀምጠው ይካሰሳሉ። ባሻ አምና አረፉ፣ ነፍስ ይማር። የቡ ከተማ ላይ በቡና ለቀማ ወራት ብቻ ትከፈት የነበረችው የፈየራ ቤት ደግሞ የገበሬ ማኅበር መጋዘን ናት። ክረምት ሲገባ ግድግዳዋ ጌሾ ጌሾ ይሸታል ብሎ የነገረኝ ዘበኛው ነው።

የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ፦ አዎ፣ እውነት ነው። ፈድሊያ ሻይ ቤቷ ተመልሶላታል። በትርፍ ቤት አዋጁ ጊዜ አላግባብ የተወሰዱ ቤቶችን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቁሟል። ፈድሊያ «አልሐምዱሊላህ፣ ሻይ ስለሸጥኩ ነው፤ ጠጅ ብሸጥ ኖሮ አላህም ቀበሌም አይሰማኝም ነበር» እያለች ትቀልዳለች።

ብርሌ አጣቢዎ የነበረችው ወርቂቱ ከቤትዎ ጓዳ አልወጣችም፤ ልጆቿም አድገዋል። እጅ ትነሳለች። ወረቀቱ አለቀብኝና ይቅርታ።

አክባሪዎ
ፈለቀ በላቸው


ፍቼ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈለቀ በላቸው

እንደምን ከርመሃል? ጥርስህን እግዜር ይማርህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ግን የጅማን ሰው አያውቀውም፣ አጥንት ድረስ ይገባል። ይህን የምትጽፍልኝ የወንድሜ ልጅ እጅጋየሁ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፤ ስሳደብ ዝም ብላ ታልፈዋለች መሰለኝ።

ፈለቀ፣ የከተማውን ቤት ሁሉ ቆጥረህ ነገርከኝ፤ የሰው ሁሉ ቤት ምን እንደሆነ አወቅሁ፤ የእኔን ግን ዘለልከው። ወረቀት አለቀብኝ አልክ። ድሮም ሦስተኛው ብርሌ ላይ የማትፈልገው ጨዋታ ሲነሳ «መሸ» ብለህ የምትነሳ ሰው ነህ።

ለምን እንደጠየቅሁህ ልንገርህ። የወንድሜ ልጅ ለዳግማይ ትንሣኤ ሚስት ያገባል። ሙሽሮቹ የሚገቡት አሁን እኔ በምተኛበት ክፍል ነው። ማንም ውጪ አላለኝም፤ ወንድሜ አፉ አይደፍርም። ምራቴ፣ የወንድሜ ሚስት፣ ግን በቀደም መጥታ ግድግዳውን በክንዷ ለካች። በሃምሳ አራት ዓመቴ የሰው ጓዳ ጥግ ለመኝታ መለመን አልፈልግም። ቤቴን እፈልጋለሁ። የጅማው ጓዳዬማ ለወርቂቱና ለልጆቿም አልበቃ፤ የፊተኛው ክፍል ከሌለ ጠጅ የለም፣ ጠጅ ከሌለ የምኖርበት የለኝም።

አንተ ቤቱን ታውቀዋለህ። ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ በአንድ ጣራ ሥር ነው የኖርኩት፤ ከፊት ጠጅ ቤት፣ ከኋላ መኝታዬ፣ መሐሉ ላይ በር። የጓሮው በር የተከፈተው ደግሞ ለነፍስ አባቴ ለመምሬ ዓለምብርሃን ነው። በየወሩ ጠበል ሊረጩልኝ ሲመጡ በጠጅ ቤት፣ በሰካራም መሐል አላልፍም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አናጢ አምጥቼ የኋላውን ግድግዳ አስቀደድኩ። በአዋጁ ጊዜ ሁለት በር ስላለው ሁለት ቤት ነው ተብሎ የፊተኛው ተወረሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ለነፍሴ በር ባስከፍት መኖሪያዬን አጣሁ።

ያኔ ብጮህ «ቅጹ ላይ ሁለት ይላል» ብለው መለሱኝ። አሁን አንተ ኮሚቴው ዘንድ ሂድልኝ። ያንን ቀን ቤቴን የቆጠረው ማን እንደሆነም አጣራልኝ። እኔና ወርቂቱ ሰቃ ማር ልንገዛ ሄደን አላየነውም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልና፣ አንተ አፌ ሁንልኝ።

እህትህ
ቆንጂት ሣህሉ


ጅማ፣ ጥር 15 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ቆንጂት

የጥምቀት በዓል እንዴት አለፈ? እዚህ በሰላም ወጥቶ በሰላም ገባ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው፤ መጀመሪያ ስሄድ ሊቀመንበሩ አቶ ደሬሳ ቡና ግዢ ወርደው ነበር።

ስለ ቤትዎ የዘለልኩት ለማስቀየም አልነበረም፤ ለመናገር ከብዶኝ ነው። የፊተኛው ክፍል የቀበሌ ሱቅ ነው። ስኳርና ሳሙና ሲመጣ ሰልፉ እስከ ሸኩር ልብስ ስፌት ይደርሳል። የብርሌ መደርደሪያዎ ላይ ሳሙና ተደርድሯል። ሰንበት ሰንበት በዚያ ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አቶ ደሬሳ በስምዎ ያስገባሁትን ማመልከቻ ተቀብለው ባለፈው ረቡዕ ከሁለት አባላት ጋር ቤቱን ሊያዩ መጡ። የመሐሉን በር ሱቁ በጭቃ ደፍኖታል። የሱቁ ሠራተኛ «ድሮም ግድግዳ ነው» ብሎ ተከራከረ። ደሬሳ በያዙት ዱላ መታ መታ ሲያደርጉት ጭቃው ረገፈና ጉበኑ ብቅ አለ። «ማሎ፣ ይኼማ በር ነው!» አሉ። ጎረቤትዎ ሸኩር የስፌት መኪናውን ትቶ መጥቶ «ወላሂ አንድ ቤት ነው፣ እኔ ራሴ ስንቴ በዚህ በር እሳት ተቀብያለሁ» ብሎ መሰከረ። ደሬሳም «ዱጋዳ፣ እውነት ነው» አሉ።

ነገር ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ቅጹ ላይ «ባለቤቷ ስላልነበሩ ከውጭ በበር ቁጥር ተመዝግቧል» ይላል። ቅጹን የሞላው ሰው ራሱ ቀርቦ ተሳስቻለሁ ካላለ ኮሚቴው ሊሽረው አይችልም። በዚያን ጊዜ እኛ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊዎች ከዘማቾቹ ተማሪዎች ጋር በሰባት ቡድን ተከፋፍለን ነበር ከተማውን የቆጠርነው። ወረቀቱም መዝገብ ቤት ነው፤ ማስወጣቱ ጊዜ ይወስዳል።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደብዳቤዬን የምታነብልዎ እጅጋየሁ ናት? ብቻዋን ነው የምታነበው ወይስ ሰው ባለበት?

ፈለቀ


ፍቼ፣ የካቲት 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለፈለቀ

ሰላም ነው? ያንተ ደብዳቤ እዚህ ቤት ድምፅ ተደርጎ ነው የሚነበበው። ወንድሜ ሳይቀር ከማሳ ይጠራል። የባሻ ገበየሁን አግዳሚ ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ምነው፣ ሚስጥር አለህ? ልታገባ ነው? አርባ ሊሞላህ ምን ቀረህ፣ ብታገባ ማንም አይከለክልህም።

ሸኩር መመስከሩ ገረመኝ። እሱ የጠጄን ሽታ አይወድም ነበር። ሰው የሠራውን አይረሳም፤ ምናልባት ጸጸቱ ይሆናል።

ቅጹን የሞላውን ሰው ፈልገህ አግኝልኝ። ሞቶ እንደሆነ ንገረኝ፤ ፍትሐት አስደርግለታለሁ። ቆሞ የሚሄድ እንደሆነ ደግሞ እንዲህ በልልኝ፦ ቆንጂት ምራቷ ግድግዳ ስትለካ እያየች ነው በልልኝ። ፋሲካ ሚያዝያ 14 ነው። ዳግማይ ትንሣኤ ስምንተኛው ቀን። ሌላ የምለው የለኝም።

ቆንጂት


ጅማ፣ መጋቢት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ቆንጂት

እጅጋየሁ፣ እህቴ፣ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢው። ቤተሰቡ ሁሉ ይስማ። ብዙ ሌሊት ካሰብኩ በኋላ ነው እንዲህ የምልሽ፤ በጆሮ የሚንሾካሾኩት ይቅርታ ይቅርታ አይመስለኝም።

እትዬ ቆንጂት፣ ቤትዎን የቆጠርኩት እኔ ነኝ።

መዝገብ ቤት ወረቀት ይፈለጋል ያልኩዎት ውሸት ነው። ወረቀቱን መፈለግ አያስፈልገኝም፤ የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። መስከረም 1968፣ የመስቀል ሰሞን ነበር። ከሁለት ዘማቾች ጋር በር በር እያንኳኳን እርስዎ ሰፈር፣ ቦሳ አዲስ ደረስን። የእርስዎ ቤት በሁለቱም በኩል ተቆልፏል። አንዱ ዘማች፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣ ቀጭን ልጅ፣ «ጓድ ፈለቀ፣ ይህ እርስዎ የሚጠጡበት ቤት አይደለም እንዴ?» አለኝ። ሳቀም። ሌላው አልሳቀም፤ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።

ያልሳቀው ልጅ ምን እንደጻፈ እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት የቤት ቁጥር ነው። እኔ ግን ለጠጅ ቤት ወዳጁ አዳላ ብሎ የሚጽፍ መሰለኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ሰፈር፣ የማላውቃት ሴት ቤት ደርሰን እሷ ባትኖር፣ ጎረቤት ጠርቼ «ውስጡ እንዴት ነው?» ብዬ ጠይቄ በትክክል አንድ ብዬ መዝግቤ ነበር። እርስዎ ቤት ላይ ግን ማንንም አልጠራሁም። ሸኩር እዚያው ልብስ ሲሰፋ እያየሁት ዝም አልኩ። የመሐሉን በር ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ስንት ምሽት ወባ ይዞኝ በዚያ በር ጎትተው አስገብተው በራስዎ ብርድ ልብስ አስተኝተውኛል። ይህን እያወቅሁ «ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። የማላውቅዎ ቢሆኑ ኖሮ አንድ እል ነበር። ወዳጅዎ በመሆኔ ፈራሁ፣ ፈርቼም ቤትዎን ሰጠሁ።

ከዚያም ሌላ ነገር አደረግሁ፤ እሱ ይብሳል። በማግስቱ ማር ይዘው ሲመለሱ መጥቼ እራት በላሁ። ቤቱ ሲወሰድ መጥቼ አጽናናሁዎት። «አይዞዎት፣ የመንግሥት ሥራ ነው» አልኩ። ወደ ፍቼ ሲሄዱ ሻንጣዎን ተሸክሜ እስከ አውቶብሱ ሸኘሁዎት። እጄን ስመው ነበር የተለዩኝ።

ደብዳቤዬ ባዶ ቃል እንዳይሆን ትናንት አቶ ደሬሳ ዘንድ ቀርቤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። አንድ ቤት መሆኑን እያወቅሁ ሁለት ብዬ መመዝገቤን ፈርሜአለሁ። ደሬሳ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። በኋላ «ፈለቀ፣ ተሳስቻለሁ ብትል እኮ ይበቃ ነበር፤ እያወቅሁ የሚለውን ለምን ትጨምራለህ?» አሉኝ። ወረቀቱን እንዳስተካክለው መለሱልኝ። አላስተካከልኩትም።

ይቅር ይበሉኝ ብዬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። ምን እንደምል አላውቅም። አፍራለሁ፤ ይኸው ነው።

ፈለቀ በላቸው


ሰቃ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለእትዬ ቆንጂት

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሰዎ።

መልስ አልጠበቅሁም፣ አልጠየቅሁም። ይህን የምጽፈው ወረቀቱ እንዲደርስዎ ብቻ ነው። አብሮ የታጠፈው የኮሚቴው ውሳኔ ግልባጭ ነው፤ ማኅተሙ ከሥር አለ። ቤቱ አንድ ቤት ነው ተብሏል። የቀበሌው ሱቅ እስከ ግንቦት ሠላሳ ድረስ ለቆ ይወጣል። ለዐሥረኛው የአብዮት በዓል መንገድ ዳር ያለው ቤት ሁሉ ኖራ ይቀባል፤ የእርስዎም ከነገ ወዲያ ይቀባል። ቀለሙ ውሃ ሰማያዊ ነው፣ ምርጫ የለም።

ወርቂቱ ዜናውን ስትሰማ እልል አለች። የቆጠርኩት እኔ መሆኔን ስነግራት ግን የሰጠችኝን ወንበር መልሳ ወሰደችው። ቆሜ ጨርሼ ወጣሁ።

እኔ ከማዘጋጃ ቤት ተነስቼ ወደ ሰቃ ተዛውሬአለሁ። የጽሕፈት ቤት ዕቃ እቆጣጠራለሁ። ሥራው ቀላል ነው፣ ሰዎቹም ደህና ናቸው። ስለዚህ እንዳያስቡ።

ፈለቀ


ፍቼ፣ ግንቦት 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለፈለቀ በላቸው
ሰቃ

ወረቀቱ ደርሶኛል። ማኅተሙን ወንድሜ ወደ ፀሐይ አስጠግቶ አየው፤ እውነተኛ ነው አለ። ሠርጉ አለፈ፣ ሙሽሮቹ ገቡ፣ እኔም ጓዳ ውስጥ ከጤፍ ጎተራው ጎን እተኛለሁ። ሰኔ ሲገባ ጅማ እመጣለሁ። ወርቂቱ ጋን እንድታጥብ መልእክት ልኬባታለሁ።

ያንን ደብዳቤህን እጅጋየሁ እንዳልከው ጮክ ብላ ጀመረችው። «የቆጠርኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ወንድሜ «ይብቃ» አላት። «ቀጥዪ» አልኩ። ብርድ ልብሱ ጋ ስትደርስ ራሷ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። በማግስቱ ገብስ ስፈትግ ሙቀጫውን ሰነጠቅሁት።

ይቅር ብዬሃለሁ እንድልህ እየጠበቅህ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አልጠበቅሁም ብትልም። አልልህም። ተቀይሜሃለሁ። ሰው እንዴት እራት እየበላ ስምንት ዓመት ዝም ይላል? ዘማቹን ፈራህ እሺ፤ እኔን ምን ብለህ ፈራህ? ያኔ ብትነግረኝ ቤቴን ሳላጣ አንተንም ሳላጣ እቀር ነበር። መምሬ ዓለምብርሃን ቢኖሩ ይቅር በዪው ይሉኝ ነበር። አርፈዋል፤ እኔም አልተቻኮልኩም።

ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ ይህንንም እጅጋየሁ እያለቀሰች ትጻፈው። ማን እንደሆነ ስለማላውቅ ሁሉንም ስጠረጥር ኖርኩ። ሸኩር ነው አልኩ፣ ጠጁ ይሸተዋልና። ባሻ ገበየሁ ናቸው አልኩ፣ ደንበኛ ወሰድኩባቸውና። ሞተው እንኳ ነፍስ ይማር ማለት አልቻልኩም። ሶረቲን፣ ፈድሊያን፣ ፈየራን፣ ወርቂቱንም ሳይቀር፤ ሰቃ ስንሄድ ቤቱ ባዶ መሆኑን ለሰው ነግራ ይሆን ብዬ አስቤአለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰባት ዓመት ያልጻፍኩልህ ለዚህ ነው። ጅማ ውስጥ ሰላም የምለው አንድ ሰው ስላጣሁ ነው። የምወደውን ከተማ ሙሉ በሙሉ ተቀይሜ ኖሬአለሁ፤ ሸክሙን አታውቀውም።

አሁን የተቀየምኩት አንድ ሰው ነው። ያን ሰው እኔ ስመጣ ራሴ አናግረዋለሁ፤ በፊት በሩ ይግባ፣ ወንበር ይሰጠዋል፣ የምለውንም ቁጭ ብሎ ይሰማል።

እስከዚያ ግን ሰንበት ሰንበት ከሰቃ ወደ ጅማ ውጣ። ሸኩር ዘንድ ሂድ፣ ፈድሊያ ዘንድ ሂድ፣ የቡ ውረድና ፈየራን ፈልገው፣ የባሻ ገበየሁን ልጆች ጠይቅ። በእያንዳንዱ ቤት ግባና ቆንጂት ሰላም ብላችኋለች በል። አንድም ቤት እንዳትዘል።

ቆንጂት ሣህሉ